አቅለሸለሸኝ ያለችው ሰው

በዚያ እሑድ ከሰዓት በኋላ ሚጢ ግራ ጉንጯን አራት ጊዜ በሳሙና ታጠበች። በአራተኛው ቆዳዋ ቀልቶ መለብለብ ጀምሮ ነበር፤ ምራቁ ግን አሁንም እዚያው ያለ፣ እየደረቀ የሚያሳክካት መሰላት። ከመታጠቢያ ቤቱ በር ወዲያ የእንግዶቹ ኮቴ ይሰማል። እየተሰናበቱ ነው። ምግቡ እንኳ ገና ከጠረጴዛ አልተነሣም።

የሳማት ባዕድ አልነበረም። እሷው ራሷ «ቤተሰቦቼ ይወቁህ» ብላ የጋበዘችው ሰው ነው።

ሚጢ የቤት ስሟ ነው። በሥራ ቦታዋ ነጭ ጋዋን ለብሳ ከመስታወት ጀርባ የምትቆም የሠላሳ ዓመት ፋርማሲስት ናት። ፋርማሲው የእናቷ ነው፤ ከላዩ ያለው መኖሪያ ቤትም የእናቷ ነው። ታላቅ ወንድሟ ጠበቃ ነው፤ ጫማው አቧራ አያውቅም። ሰውየውን ደግሞ ሰፈሩ ሁሉ «ታፔላው» ይለዋል። የሱቅ ታፔላ የሚጽፍ፣ ከጋራዥ ጀርባ አንዲት ክፍል ተከራይቶ የሚኖር፣ ከጥፍሩ ሥር አንድ ቀለም የማይጠፋ ሰው ነው።

ከሰባት ወር በፊት የፋርማሲውን ታፔላ ሊያድስ መጥቶ ለካ። ከዚያ ግን ሥራውን አልጀምር አለ። በየሳምንቱ ይመጣና ቀና ብሎ የፋርማሲውን ግንባር ያያል፤ «እጄ ገና ነው» ይላል፤ ከዚያ ዓይኑን ዝቅ አድርጎ በመስታወቱ በኩል ያያታል። እሷም ታየዋለች። ሥራውን የሚያጓትተው እሷን ለማየት ብሎ ነው ብላ አሰበች፤ ልቧ በዚህ ሞቀ። አንድ ቀን በመስታወቱ ቀዳዳ በኩል እንደ ሐኪም ማዘዣ የታጠፈ ወረቀት አቀበላት። «ይኼ መድኃኒት አላችሁ?» አላት ፈርጠም ብሎ፣ ወረፋ የያዙት ሴትዮ እየሰሙ። ወረቀቱ ላይ የነበረው አንድ መስመር ነው፦ «ዛሬ ፀጉርሽን ወደ ኋላ ማስያዝሽን አይቻለሁ።» እሷም ሳትስቅ «ነገ ይገባል፣ ብቅ ይበሉ» አለችው። እንዲህ ተጀመረ።

ዝምተኛ ነበር። ከሁለት ወር በፊት ግን ሰውየው ተለወጠ። ታፔላውን በአንድ ቀን ጨረሰው፤ የፊደሉ መስመር በማስመሪያ የተሰመረ ይመስል ነበር። በማግሥቱ የጎረቤቱን ዳቦ ቤት ታፔላ ሳይጠየቅ ጻፈ። ከዚያ የጋራዡን ግድግዳ። መተኛት ተወ፤ መብላት ተወ፤ ሲያያት ዓይኑ እንደ ብርጭቆ ያበራል። «ባንቺ ነው እንዲህ የሆንኩት» አላት። አመነችው። የትኛዋ ሴት አታምንም?

ምሳው ለሰባት ሰዓት ነበር፤ እሱ አምስት ሰዓት ላይ በሩን አንኳኳ። ሸሚዙን አዛንፎ ቆልፏል፤ በሁለት እጁ አራት ጣሳ ቀለም አንጠልጥሏል። «ለእማማ ስጦታ ነው፤ ሳሎኑን ዛሬውኑ ብርቱካንማ እናደርገዋለን» አለ። እናቷ ጣሳዎቹን ተቀበለችው፤ ሌላ ምን ታድርግ።

ከዚያ አፉ አልተከደነም። ስለ ሕንፃ አወራ፤ ስለ ባቡር አወራ፤ የከተማውን ታፔላ ሁሉ በአንድ ዓይነት ፊደል ሊጽፍ ከንቲባውን እንደሚያነጋግር አወራ። አንዱን ሳይጨርስ ሌላውን ይጀምራል። በከንፈሩ ዳርና ዳር ነጭ አረፋ ተጠራቀመ። ሲስቅ የታኘከ ሥጋ ተፈናጥሮ የአጎቷ ብርጭቆ ውስጥ ገባ። አጎቷ ብርጭቆውን በአንድ ጣታቸው ገፋ አደረጉት። እሱ አላየም፤ እንዲያውም ከእሳቸው ሳህን አንሥቶ ጎረሰ፤ ጣቱን ላሰ፤ በላሰው ጣት የወንድሟን ሚስት ትከሻ መታ መታ አድርጎ፣ «ሚጢ የምትለውን ያህል እንኳ አፍሽ አይሸትም» አላት።

ሴትየዋ ቀስ ብላ አፏን በእጇ ሸፈነች።

«ተቀመጥ እባክህ» አለችው ሚጢ ክንዱን ይዛ፣ በሹክሹክታ።

«ምን እቀመጣለሁ? ደብቀን ምን እናተርፋለን?» ብሎ ጭራሽ ተነሣ። «ይኼ ሁሉ ሰው ከቀኝ ትከሻዋ ሥር ማርያም የሳመቻትን ምልክት አያውቅም። እኔ ግን አውቃለሁ።» ቅባት የወዛውን እጁን ሁለቱንም ፊቷ ላይ ጭኖ ሳማት። መሳም አይባልም። አፉን ጉንጯ ላይ ለጥፎ፣ እየሳቀ፣ እየተነፈሰ ቆየ፤ አረፋውና የሥጋው ሽታ እስከ ጆሮዋ ወረደ።

ወንድሟ በሸሚዙ ኮሌታ ይዞ አወጣው። ደረጃውን እየወረደም ይስቅ ነበር።

ጠበቃው ተመልሶ መታጠቢያ ቤቱ በር ላይ ቆመ። «ምን ልበለው?» አላት።

«አቅለሸለሸኝ» አለች ውኃው ከአገጯ እየተንጠባጠበ። «ጋሼ፣ ሰውየው አቅለሸለሸኝ። ሁለተኛ ዓይኑን ማየት አልፈልግም።»

ወንድሟ ራሱን ነቀነቀ። ቃሉ ከአፏ ሲወጣ ለአፍታ ቀለል አላት። ወዲያው ግን እንደ ተሰባበረ ክኒን ምላሷ ላይ ቀልጦ መረራት፤ ብትውጠውም አልወርድ አላት።

*

በቀጣዩ አምስት ቀን አሥራ አንድ ደብዳቤ መጣ። አንዳንዱን ራሱ በቀዳዳው ያስገባል፤ አንዳንዱን በመንገደኛ ይልካል። የመጀመሪያውን ከፈተችው። ያ በጥንቃቄ ይጽፍ የነበረ ሰው መስመር አልያዘም፤ ፊደሎቹ እርስ በርስ እየተረጋገጡ ወደ ወረቀቱ ጠርዝ ይወጣሉ፣ ጠርዙ ሲያልቅ ይጠመዘዙና ከግርጌ ይገባሉ። «ሁለት ፎቅ፣ አንዱ ላንቺ አንዱ ለሳቅሽ» ይላል አንድ ቦታ ላይ። ሌላ ቦታ ላይ ሊነበብ የማይገባ ነገር አለ። ወረቀቱ ላይ የጣት ቅባት ነበር። ስታየው ያ የእሑድ ትንፋሽ ተመልሶ ፊቷ ላይ አረፈ። የቀሩትን ዐሥሩን ሳትከፍት፣ በሁለት ጣቷ ጫፍ እየያዘች፣ ጊዜያቸው ያለፈባቸው መድኃኒቶች የሚጣሉበት ሣጥን ውስጥ ጨመረቻቸው።

በስድስተኛው ቀን ምንም አልመጣም። በሰባተኛውም። ሳምንት አለፈ፤ ሁለት፣ ሦስት ሳምንት ሆነ።

ደስ ሊላት ይገባ ነበር። እሷ ግን ተናደደች። እንዲያ ሲነድድ የነበረ ሰው እንዲህ በአንዴ ይጠፋል? ታዲያ ያ ሁሉ ምን ነበር? መጫወቻ ነበርኩ ማለት ነው አለች በልቧ። ሌላ አግኝቶ ይሆናል አለች። በር በተከፈተ ቁጥር ቀና ትላለች፤ ቀና በማለቷ ደግሞ ራሷን ትጸየፋለች። ይኼ የባሰ ነበር፤ የጸየፉትን ሰው መናፈቅ።

*

በአራተኛው ሳምንት ማክሰኞ፣ ረፋዱ ላይ አንዲት ወፈር ያለች ሴት ወረቀት አቀበለቻት። እጆቿ ከሳሙናና ከሙቅ ውኃ ብዛት ተሰነጣጥቀዋል፤ ከመንገዱ ማዶ ባለው ሆቴል አንሶላ የምታጥብ ሴት ናት፤ ሚጢ በመልክ ታውቃታለች። ወረቀቱን ዘረጋችው። ሊትየም። በቀን ሁለት ጊዜ። ከላይ ያለውን ስም ስታነብ እጇ ቆመ።

ስሙ የሱ ነበር።

ይህን መድኃኒት ለስንት ሰው ሰጥታለች? በየወሩ የሚመጡ አሉ፤ አንድ አስተማሪ፣ አንዲት ነጠላዋን እስከ ዓይኗ የምትሸፍን ሴት፣ አንድ የባንክ ዘበኛ። «ውኃ በደንብ ይጠጡ፣ የደም ምርመራዎን እንዳይረሱ» ትላቸዋለች፤ ከረጢቱን ስታቀብል ግን ጣታቸው እንዳይነካት ጫፉን ትይዛለች። ይህን ከዚህ በፊት አስተውላው አታውቅም። ስለ ሕመሙ መጽሐፍ አንብባለች፤ ተፈትናበታለች፤ ስሜቱ ያለ ልክ ይወጣል፣ ከዚያ ወደ ድባቴ ይወርዳል የሚለውን በቃሏ ታውቃለች። በዚያ እሑድ ግን የምታውቀው ነገር ሁሉ ፊት ለፊቷ ቆሞ ሥጋ እያኘከ ሲስቅ አላወቀችውም።

«ምኑ ነሽ?» አለች ቀና ሳትል።

«እህቱ ነኝ።» ሴትየዋ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «በሆቴሉ ጎን ሌላ ፋርማሲ ነበር። እዚህ ድረስ የመጣሁት እንድታዪው ብዬ ነው።»

«ወረቀቱን?»

«እሱንም።»

ሚጢ መድኃኒቱን ቆጠረች፤ ተሳሳተች፤ እንደገና ቆጠረች። ከረጢቱን ስታቀብል የሴትየዋ የተሰነጣጠቀ ጣት ጣቷን ነካው። አልሸሸችም፤ ግን መሸሽ ፈልጋ ነበር፤ ያን መፈለጓ እንደ እሳት ፊቷን አጋየው።

*

በምሳ ሰዓት ሄደች። ጋራዡ ውስጥ ብረት ይቀጠቀጣል። ከጀርባው በጠባብ መተላለፊያ ገብታ እህቲቱ ያሳየቻትን በር ገፋ አደረገች።

መጀመሪያ የመታት ሽታው ነው። የከረመ ላብ፣ የኮመጠጠ ወተት፣ ያልተደፋ ሽንት። መስኮቱ በካርቶን ተዘግቷል። ወለሉ ላይ ያለው ስኒ አረንጓዴ ፀጉር አብቅሏል። ከአልጋው እግር ሥር ቢጫ ነገር የያዘ ጠርሙስ ቆሟል፤ ክዳኑ ላይ ዝንቦች ሰፍረዋል። እሱ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ተኝቷል። ከሸሚዙ አወቀችው። ያ የእሑድ ሸሚዝ ነው፤ እስካሁን ተዛንፎ እንደተቆለፈ።

«ማን ነው?» አለ። ቃሉ ከሩቅ የመጣ ይመስላል።

«እኔ ነኝ።»

 ውጭ ያለው መዶሻ አሥር ጊዜ ያህል መታ።

«ወንድምሽ ነግሮኛል።»

«ምን ብሎ?»

«ያልሽውን። አቅለሸለሸኝ ብላለች አለኝ።» ፊቱን ሳያዞር ቀጠለ። «ሁለተኛ አልደርስባትም ብለህ ፈርም አለኝ። ፈረምኩ።»

«ውሸት ነው» ልትል አፏን ከፈተች። አየሩ አፏ ውስጥ ገባ፤ ሽታው ጉሮሮዋን ሞላው። መልሱን ሆዷ መለሰላት። አፏን ይዛ ሮጣ ወጣች፤ ከጋራዡ ቦይ አፍ ላይ ጎንበስ ብላ ቁርሷን በሙሉ አወጣችው።

እህቲቱ በጆግ ውኃ ይዛ አጠገቧ ቆማ ነበር። ውኃውን እያፈሰሰችላት፣ «እኔም የመጀመሪያውን ሳምንት እንዲሁ ነበርኩ» አለች። «የሰው አንሶላ ሳጥብ የምኖረው ሴትዮ። ታጠቢ፣ አፍንጫሽንም።»

ታጠበች።

«ሰነፍ ሆኖ አይደለም» አለች እህቲቱ። «እንዲህ ሲወርድ እጁን ማንሣት ድንጋይ ማንሣት ነው የሚሆንበት። እናታችንም እንዲሁ ነበረች። አሥራ ስምንት ዓመቱ ላይ ጀመረው። መጀመሪያ ይወጣል፤ ዓለም ትጠበዋለች፤ ያገኘውን ያቅፋል፣ ያገኘውን ይሰድባል። ከዚያ ይወርዳል። የቀለሙን ማቅጠኛና ስለት ያለውን ነገር ሁሉ አውጥቼ ጎረቤት አኑሬያለሁ፤ ብቻውንም አልተወውም፤ ከሥራ ፈቃድ ወስጃለሁ። መድኃኒቱን ከያዘ ግን ሰው ነው። ስድስት ዓመት ሰው ሆኖ ኖሯል።»

«ታዲያ ለምን ተወው?»

እህቲቱ ጆጉን አስቀመጠች። አየቻት፤ ጥላቻም ይቅርታም ያልሆነ አተያይ ነበር።

«መድኃኒቱ እጁን ያንቀጠቅጠዋል። ትንሽ ነው፤ ብዕር ሲይዝ አይታወቅም፤ ትልቅ ፊደል ሲጽፍ ግን መስመሩ ይንቀጠቀጣል። ሌላውን ሁሉ ፊደሉን ወረቀት ላይ ቀድዶ በቀዳዳው ቀለም እየቀባ ይጽፍ ነበር። ያንቺን ግን በእጄ ካልሆነ አለ። አምስት ወር ይቆም ይሆናል ብሎ ጠበቀ። አልቆመም። ከዚያ ክኒኑን ተወው።»

«እጄ ገና ነው» ይል የነበረው ታወሳት። እሷ ደግሞ በሽንገላ የሚያጓትት መስሏት ትሽኮረመም ነበር። አፏን ዳግመኛ በውኃ ተጉመጠመጠች፤ ምሬቱ ግን ከሆዷ የመጣ አልነበረምና በውኃ አልለቀቀም።

*

ወደ ፋርማሲው አልተመለሰችም። ወንድሟ ቢሮ ሄደች። ቢሮው ሽቶና የእጅ አልኮል ይሸታል። ጠበቃው እንግዳ ሸኝቶ መዳፉን እያሻሸ ነበር።

«ሄደህ ነበር?» አለችው ሳትቀመጥ።

«የት?»

«ታውቃለህ።»

«ጉዳዩን ዘጋሁልሽ» አለ፤ ወንበሩን በዓይኑ አሳያት። «ምስጋና ነበር የምጠብቀው።»

«ተኝቶ ነበር?»

«ወደ ግድግዳ ዞሮ። እንደ አውሬ ነው የሚሸተው። ወረቀቱን አነበብኩለት፣ አልሰማ ሲለኝ ደግሜ አነበብኩለት።»

«እኔ ያልኩትንም ነገርከው?»

«ቃል በቃል። ጨመርኩበት?» ሚጢ የወንበሩን መደገፊያ ያዘች። «ንገሪኛ፤ አንዲት ቃል ጨመርኩበት?»

«አልጨመርክም።»

«ታዲያ ምን አጠፋሁ? እብድ ነው እኮ፣ እህቴ። በጤናው ጊዜም ቢሆን ላንቺ የሚሆን ሰው አልነበረም፤ አሁን ደግሞ የታወቀ እብድ ነው። ነገ ልጅ ብትወልዱ ምን ሊሆን ነው?» ከጠርሙሱ ትንሽ አልኮል ጨምቆ እንደገና እጁን አሸ። ንጹሕ እጅ ነበር፤ ጥፍሩ የተሞረደ። ያን እጅ ስታይ ቅድም ያስመለሳት ነገር እንደገና ተነሣ፤ አሁን ግን ሽታው መልካም ነበር።

«መልአክ ነው አላልኩም» አለች። «ሚስትህን አዋርዷል፤ እኔንም አዋርዷል። ግን ታሞ ነው። አንተ ደህና ሆነህ፣ ታጥበህ፣ ክራቫት አስረህ፣ አልጋ ላይ የወደቀ ሰው ጆሮ ላይ ሁለት ጊዜ አነበብክ። ቃሉን ያቀበልኩህ ደግሞ እኔ ነኝ። ከሁለታችን ማናችን እንደምንቀፍ አላውቅም፣ ጋሼ።»

ቤት ስትደርስ እናቷ ሳሎን ብቻዋን ተቀምጣለች። ሚጢ ሁሉንም ነገረቻት። እናቷ አላቋረጠቻትም፤ ሲያልቅ የፎጣውን ጫፍ ታጥፍ ጀመር።

«አንቺን ወልጄ ሰባት ወር አልተነሣሁም» አለች።

«ኩላሊትሽን አሞሽ፤ አውቃለሁ።»

«ኩላሊቴን አላመመኝም። ኩላሊቴ እስከዛሬም ደህና ነው።» እናቷ በአፍንጫዋ ሳቅ አለች። «ዘመድ ሁሉ ለኩላሊት የሚሆን ፍራፍሬ እየተሸከመ መጣ። አባትሽ ነው ያን ያወራው። አንቺ ታለቅሻለሽ፣ እኔ ጣሪያ አያለሁ። ጡቴ ወተት አፍስሶ ልብሴ ይደርቅብኛል፤ እሸታለሁ። አባትሽ አንድ ቀን ገባና አፍንጫውን በመሐረብ ያዘ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ግን ያዘ። እስኪሞት ድረስ አብሬው ስኖር ያን መሐረብ አልረሳሁለትም።»

ሚጢ የእናቷን እጅ ፈለገች። እናቷ ግን እጇን አልሰጠቻትም፤ ፎጣውን አጥፋ ጨርሳ፣ «ሂጂ አልልሽም፤ አትሂጂም አልልሽም» አለች። «ከሄድሽ ግን አፍንጫሽን አትያዢ።» የዕድሜ ልክ ቅያሜ እንዲህ በለሆሳስ ሲነገር ሰምታ አታውቅም ነበር፤ ያን ምሽት እናቷን እንደ እንግዳ ሰው በአዲስ ዓይን አየቻት፤ ፈራቻትም።

*

ከማግሥቱ ጀምሮ በምሳ ሰዓቷ መሄድ ያዘች። አትገባም። ደጃፉ ላይ ዱካ ላይ ትቀመጣለች። ከእህቲቱ ጋር ታወራለች፤ ክኒኑን ዋጠ ወይ፣ ስንት ብርጭቆ ውኃ ጠጣ፣ ሐኪሙ ምን አለ። ሐኪሙ መጠኑ ሊቀነስ እንደሚችል፣ ለመንቀጥቀጡም የሚሰጥ ነገር እንዳለ ለእህቲቱ ነግሯት ነበር፤ ቀድሞ ቢጠየቅ ኖሮ ቀድሞ ይናገር ነበር። እሱ ፊቱን ወደ ግድግዳ እንዳዞረ ነው። ዘጠኝ ቀን አንድ ቃል አልተነፈሰም። ዘጠኝ ቀን ሽታው ወደ ደጃፉ ይመጣል፤ ዘጠኝ ቀን ምሳዋን ሳትበላ ትመለሳለች።

በዐሥረኛው ቀን ስትቀመጥ ፊቱ ወደ በሩ ዞሮ ነበር። ጺሙ ላይ የደረቀ ሾርባ አለ። ዓይኑ ደንግዞ አያት።

«ስታስመልሺ ሰማሁሽ» አለ።

እህቲቱ የያዘችውን ሳህን ቀስ ብላ አኖረች።

«መቼ?» አለች ሚጢ፤ መቼ እንደሆነ እያወቀች።

«የመጣሽ ቀን። ወንድምሽ ዋሽቶኝ ይሆናል ብዬ ነበር። ከዚያ አንቺን ሰማሁ።»

«አልዋሸህም። ብያለሁ።» ዓይኑን እያየች ቀጠለች። «አሁንም ይሸታል። እዚህ ጋ የምቀመጠው ነፋሱ ከኋላዬ ስለሚመጣ ነው።»

የአፉ አንድ ወገን ሸርተት አለ። ሳቅ ሊሆን ፈልጎ አቅም ያጣ ነገር ነበር። «ተመስገን» አለ። «ሌላው ሰው ሁሉ ምንም አይሸትም እያለ በአፉ ነው የሚተነፍሰው።»

«ደብዳቤዎችህን ሳልከፍት ጣልኳቸው። ዐሥሩን።»

«እንኳን ጣልሽ። ምን እንደጻፍኩ አውቃለሁ።» ዓይኑን ጨፈነ፤ ሲያወራ በየቃሉ መሐል ያርፍ ነበር። «ሰው ያኔ ያደረገውን አያስታውስም ይላሉ። እኔ ሁሉንም አስታውሳለሁ። የአጎትሽን ብርጭቆ አስታውሳለሁ። የሴትዮዋ እጅ ወደ አፏ ሲሄድ አስታውሳለሁ። ያኔ ሁሉም የሚያምር ነበር የመሰለኝ፤ እኔም የማምር። አሁን እዚህ ተኝቼ ያን ሰው አየዋለሁ፤ አረፋውን አየዋለሁ። አንቺ አንድ ቀን ነው የጸየፍሽው። እኔ ከእሱ ጋር ነው የምተኛው።»

ሚጢ እንባዋን በጋዋኗ እጅጌ ጠረገች።

«ለአዘኔታ ብለሽ ከሆነ የምትመጪው ይብቃሽ» አለ።

«አዘኔታዬ ሁለተኛው ቀን ላይ አልቋል። ከዚያ ወዲህ የመጣሁት ተናድጄ ነው።»

«በማን?»

«በራሴ። በጋሼ። ባንተም። መድኃኒት የምሸጥ ሴት ወድደህ መድኃኒትህን ከእሷ ደበቅክ። እጅህ ቢንቀጠቀጥ ምን ነበር? መስመሩ ቢጎብጥ ማን ይሞታል?»

«ያንቺ ነበራ» አለ። «የጎበጠ ነገር አናትሽ ላይ ልሰቅል?»

 ውጭ መኪና እየተነሣ ጠፋ፣ እንደገና ተነሣ።

«ተመልሶ ይመጣል» አለ። «ክኒኑን ብይዝም እንኳ አንድ ቀን ሊመጣ ይችላል። ያኔም ትጸየፊኛለሽ።»

«ሳልጸየፍህ አልቀርም።»

«ከዚያስ?»

«በምሳ ሰዓት እመጣለሁ።»

ተነሣችና አንድ እግሯን ከደጃፉ ወዲያ አሳለፈች። ሽታው ተቀበላት፤ እጇን ወደ አፍንጫዋ አላነሣችም። እሱ ግን መዳፉን ወደ እሷ ዘረጋ።

«እዚያው ሁኚ። እንዲህ ሆኜ አትንኪኝ። አንቺ ብትችይው እኔ አልችለውም።»

እግሮቹን ከአልጋው አወረደ። ሰማያዊ የሆኑ፣ የቀጠኑ፣ ጥፍራቸው የጠመመ እግሮች። እዚያው ጎንበስ ብሎ ብዙ ቆየ፤ የማይነሣ መሰላት። እህቲቱ ልትደግፈው ስትል ራሱን ነቅንቆ ከለከላት። ከአልጋው እስከ መታጠቢያው መጋረጃ ስድስት እርምጃ ይሆናል። በሦስተኛው ላይ ግድግዳውን ተደግፎ አረፈ። ከዚያ መጋረጃውን ገልጦ ገባ።

ውኃ ባልዲ ውስጥ ሲፈስ ተሰማ። ቀጥሎ የጆግ ድምፅ፤ ቀጥሎ በሲሚንቶው ላይ የሚሮጥ ውኃ። ከመጋረጃው ሥር እየደፈረሰ፣ ግራጫ ሆኖ ወጣ። ሚጢ አየችው። ከወር በላይ የተጠራቀመ የሰው እድፍ ነበር፤ እያየችው ወደ ቀዳዳው ሄደ።

ከዚያ ድምፁ ቆመ። እህቲቱና ሚጢ ተያዩ። አንድ ደቂቃ ሆነ፤ ሁለት። ሁለቱም ሳይነጋገሩ ሊነሡ ሲሉ ከመጋረጃው ጀርባ የደከመ ድምፅ መጣ።

«አለሽ?»

«አለሁ» አለች ሚጢ።

ውኃው እንደገና መፍሰስ ጀመረ። እሷም ዱካዋ ላይ ተመልሳ ተቀመጠች፤ ያን ያህል ፈርታ አታውቅም፤ ያን ያህልም ደስ ብሏት አያውቅም።